ምክርና መከራ

ሰው ብቻውን ሲያስብ የራሱን ጥቅም ለማየት ዐይኑ ፈጣን ነው፤ የባልንጀራውን ጉዳት ለማየት ግን ዳተኛ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እያሉ መመካከርን አስተማሩን። መንግሥትም እንደ ሰው ነውና መካሪ ካጣ ይሳሳታል። ነገር ግን ምክር ቤት መሥራትና መምከር አንድ አለመሆናቸውን የገዛ አገራችን ታሪክ ስለሚያስረዳን፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ታሪክ በአጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዘመኑን ሁሉ የቈጠርሁት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በዘመናዊ መልክ የተጻፈው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ እኒህ ሰው በመስኮብ አገር የጦር ትምህርት የተማሩ፣ «ፋቡላ» የተባለውንም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉ ነበሩ። ለረቂቃቸው አርአያ ያደረጉት ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ያወጣችውን ሕገ መንግሥት ነበር። ጃፓን ዘውዷንና ነጻነቷን ሳትለቅ የአውሮፓን ጥበብ የተማረች አገር ስለ ነበረች ነው።

በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። የሕግ መወሰኛው አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ተሾሙ፤ የሕግ መምሪያው አባሎች ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። ጥቅምት 23 ቀን 1924 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተከፈተ።

እኔ ያን «ሕዝቡ እስኪችል ድረስ» የሚለውን ድንጋጌ ሳስብ ሁለት ነገር ይታየኛል። በአንድ በኩል፣ ሕዝብ አንድ ቀን መራጭ እንደሚሆን ሕጉ ራሱ ማመኑ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን፣ የሕዝቡን መቻልና አለመቻል የሚመዝነው ማን ነው? ሚዛኑን የያዘው ሰው የመረጠበትን ሥልጣን በገዛ እጁ ለመልቀቅ አይቸኩልም። ይህ ተስፋ እስኪፈጸም ሃያ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ከዚያም ውስጥ አምስቱን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረራ ይዛ ምክርም ምክር ቤትም አልነበረም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በ1950 ዓ.ም. መግቢያም ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መረጠ። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የቆመው በራሱ ስም ነበር። በዚያ ምርጫ ካሸነፉት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ሆኑ። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። የእስር ቤትን ዝምታ የቀመሰ ሰው የመናገርን ዋጋ ከሌላው ይልቅ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ሕጉ ተመራጩ በተመረጠበት ወረዳ ንብረት ያለው እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው ድምፅ ሊሰጥ ቢችልም፣ ገብቶ ስለ ራሱ ሊናገር አይችልም ነበር። ከመከሩ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ የሚሰፍረው ገበሬ፣ ነገሩን የሚያይለት ከባለ መሬቶች ብዙዎች የተቀመጡበት ጉባኤ ሆነ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ እስከ ምክር ቤቱ ድረስ ሄዱ። በኋላም የባለ መሬትንና የጭሰኛን ውል የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ረቂቁ ጭሰኛውን የመሬት ጌታ የሚያደርግ አልነበረም፤ ኪራዩን የሚወስን፣ ያለ አግባብ ከመነቀልም የሚጠብቀው ነበር። ይህም ሆኖ ሲነሣና ሲወድቅ ዓመታት አለፉ፤ ሕግ ሆኖም ሳይወጣ ቀረ።

አባቶች «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም ዘጋ። በኅዳር ወር ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የካቲት 25 ቀንም የገጠር መሬት ሁሉ ያለ ካሣ ከባለ ርስቱ ተወሰደ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ታዘዘ። የኪራይን ልክ በምክር መወሰን ያልወደዱ ሰዎች መሬቱን ከነሥሩ በአዋጅ ተነጠቁ። ይህ ሁሉ የደረሰው በአንድ ረቂቅ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ የአብዮቱ ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን በምክር ቤት ያልተፈታ ነገር በአደባባይ በጦር መሣሪያ እንደሚፈታ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 835 አባሎች ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ከደርግ ሥርዓት ጋር ወደቀ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አቆመ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ብዙ መቀመጫ አገኙ፤ ነገሩ ግን በጠብና በደም ተበላሸ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ለተቃዋሚ ፓርቲ አንድ ወንበር እንኳ አልደረሰም። እኔ ሁለቱንም እንደ አንድ በሽታ እቈጥራቸዋለሁ፤ የሚቃወመውን ሰው መስማት የማይወድ ጉባኤ የራሱን ድምፅ መልሶ ያዳምጣል እንጂ አይመክርም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 54ኛ አንቀጽ ተወካዩ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ከሦስቱ ሁለቱ በውጭ ያሉ ናቸው፤ ኅሊና ግን ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ ከቤቱ ይዞት የሚሄደው ነው፤ ከቤቱ ያልያዘውን ከወንበሩ አያገኘውም። ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ምርጫ እስኪደርስ አትጠብቁ። በትምህርት ቤት ማኅበራችሁ፣ በዕድራችሁ፣ በቤታችሁም ማዕድ ዙሪያ ነገር ሲነሣ፣ በዚያ የሌለው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ስለ እርሱም ተናገሩ። ጥቅማችሁን የሚነካ እውነት ሲነገር ደግሞ ለነገ አትቅጠሩት። ትናንት ለነገ የተቀጠረው ነገር ምን ይዞ እንደ መጣ አይታችኋልና።