«ትግላችን» ሲባል

አዲስ አበባ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት ነበር። ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ ኮከብ ተቀምጦበታል፤ የሠሩትም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። በግራና በቀኙ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስሎች ተደርድረዋል።

እኔ ያንን በዓል አላየሁም። አባቴ በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ወድቆ ስለነበር፣ በሺህ ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ጋር ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልኬ ነበር። ሕክምናንም የተማርኩት በዚያው አገር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ አገሬ ስመለስ በቅድሚያ የሄድኩት ወደ ሐውልቱ ነው። የኩባውያኑን ፊት አንድ በአንድ ተመለከትኩ። የአባቴን ግን አላገኘሁም።

ሐውልቱ የሸሸገው እርሱን ብቻ አልነበረም። ባለሥልጣናቱ በዓሉ እንዳይደበዝዝ የረሃቡን ወሬ አፍነውት ነበር፤ ከምረቃው በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቢቢሲ የኮረምን ረሃብተኞች ለዓለም አሳየ።

እዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ቡና ተፈልቶ የሐውልቱ ነገር ሲነሣ «ይፍረስ!» የሚል አይታጣም። በቀይ ሽብር ወንድሙን የተነጠቀ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ ከማክማቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ሶማሌዎች ናቸው። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ትከሻቸው ላይ አሮጌ የጥይት ጠባሳ አየሁና የት እንዳገኛቸው ጠየቅኋቸው። «ጅጅጋ» አሉኝ። አባቴ እዚያው አካባቢ መውደቁን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እኔም ታናሽ ወንድሜን እዚያ ቀብሬአለሁ» አሉ። ሌላ አልተነጋገርንም፤ ሲወጡ ግን እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

ከዚያ ወዲህ «ትግላችን» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር፣ «የእኛ» የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ራሴን እጠይቃለሁ። ሐውልቱ ይፍረስ ግን አልልም። ሐኪም የተሳሳተ ምርመራ የሰፈረበትን የሕመምተኛ ካርድ አይቀድም፤ እርማቱን ከሥሩ ይጽፋል እንጂ። ከሐውልቱም ሥር ማን እንዳቆመው፣ በዚያ መስከረም ምን እንደተደበቀ፣ በጦርነቱም እነማን እንደወደቁ ይጻፍ። የአባቴም ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢገኝ እወዳለሁ።