ዮሐንስ መደብርና የዓለም ታሪክ ትምህርት

በዩኒቨርሲቲ የዓለም ታሪክ የሚማር ወጣት ከጥንታውያን የባቢሎንና የግብፅ መንግሥታት ተነሥቶ፣ በግሪክና በሮም አልፎ፣ እስካለንበት ዘመን ሲደርስ፣ የሚያነባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ በባሕር ማዶ ሊቃውንት የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ ይህ ዕውቀት አባቶቹ እጃቸውን ያላሳረፉበት ባዕድ ሀብት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ዐረቦች ግብፅን የያዙበትን 7ኛውን መቶ ዓመት በጥልቅ የሚመረምር ሊቅ፣ ከየትኛውም አገር ቢሆን፣ ዛሬ በልሳነ ግእዝ ብቻ ተጠብቆ የሚገኘውን የዮሐንስ መደብርን ዜና መዋዕል ሳይመለከት ሥራውን ሊፈጽም አይችልም።

ዮሐንስ በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በታችኛው ግብፅ የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ፣ የገዳማትም አስተዳዳሪነት የተሰጠው አባት ነው። ታሪኩን ከአዳም ጀምሮ፣ የፋርስን፣ የግሪክንና የሮምን ነገሥታት እያስከተለ፣ እስከ ዐረቦች መግባት ድረስ ይተርካል። የመጀመሪያው ድርሰት ጠፍቷል፤ ወደ ዐረብኛ የተመለሰውም ጠፍቷል፤ የተረፈው የዓፄ ሠርፀ ድንግል ባለቤት የነበሩት ንግሥት ማርያም ሥናና የጦር አለቃው አትናቴዎስ ባዘዙት መሠረት፣ ግብፃዊው መነኵሴ ዲያቆን ገብርኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው ብቻ ነው። ተርጓሚውም ሥራውን የፈጸመበትን ዘመን በአንድ አቈጣጠር አልወሰነውም፤ ከሥጋዌ 1594፣ ከሰማዕታት 1318፣ ከሒጅራ በጨረቃ አቈጣጠር 1010 እያለ ጎን ለጎን አሰፈረው እንጂ። የአንዱን ሕዝብ ዘመን ከሌላው ጋር አስተባብሮ ማየት የዓለም ታሪክ ጥናት መሠረት መሆኑን ይህ መዝጊያ በግልጽ ያሳያል።

መጽሐፉ በሊቃውንት ዘንድ የተከበረው ስለ ጥንታዊነቱ ብቻ አይደለም። ስለ ዐረቦች ግብፅን መያዝ በሰፊው የጻፉት ዐረባውያን ደራስያን ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተነሡ ሲሆኑ፣ ዮሐንስ ግን ለነገሩ እጅግ የቀረበ ነበር። የዐረቦቹ የጦር መሪ ዐምር ኢብን አልዓስ በግብፅ የነበረውን የባቢሎንን ምሽግ ሲይዝ፣ እስክንድርያም እጅዋን ስትሰጥ፣ በሕዝቡ ላይ የደረሰውን እልቂትና የግብሩን ክብደት በምሬት ይናገራል፤ ሆኖም ይኸው ዐምር የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት አለመንካቱን ሳይሸሽግ ይመሰክርለታል። በአንጻሩ የእስክንድርያዋን ፈላስፋ የሂጳጥያን መገደል ሲተርክ ለገዳዮቿ ያደላል። ስለዚህ ተማሪው ከአንድ ምስክር ዘንድ እውነትም አድልዎም ሊገኝ እንደሚችል ተረድቶ፣ ቃሉን ከሌሎች ምስክሮች ቃል ጋር ማመዛዘን ይገባዋል። በመጽሐፉ መካከልም የ30 ዓመት ያህል ታሪክ ጐድሎ ስለሚገኝ፣ ይህን ክፍተት በሌሎች ጸሐፍት ለመሙላት መድከም የታሪክ ሊቅ የዘወትር ግዴታው ነው።

በ1883 እ.ኤ.አ. ዞተንበርግ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጓሜ ጋር በፓሪስ አሳተመው፤ በ1902 እንግሊዛዊው በትለር ስለ ግብፅ መያዝ ለጻፈው መጽሐፍ ዋና ምስክር አድርጎ ተጠቀመበት፤ በ1916 ደግሞ ቻርልስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ዞተንበርግና ቻርልስ ግእዝን የተማሩት ዕውቀቱ የሚገኘው በዚያ ልሳን መሆኑን ስላወቁ ነው። እንግዲህ ግእዝ የቤቱ ቅርስ የሆነለት የእኛ ተማሪ የገዛ አባቶቹን መጽሐፍ በባዕድ ትርጓሜ ብቻ ሊያነብ አይገባውም። የታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችንም ከግሪኩና ከሮማዊው ደራሲ ጎን የግእዙን ዜና መዋዕል በምንጭነት ቢያስተምሩ፣ ተማሪው በዓለም ታሪክ ፊት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለአደራ ሊቆም ይችላል።