ከሐይቅ እስከ ኮሌጅቪል፦ የኢትዮጵያ ብራናዎች ከማይክሮፊልም ወደ ኢንተርኔት

ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1763 የሚለው መለያ ለግእዝ ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች እንግዳ አይደለም። መለያው የሚያመለክተው ከወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተገኘ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የድርሳናት መጽሐፍ ነው። ቁጥሩ ብራናው በማይክሮፊልም በተነሣ ጊዜ የተሰጠው የመዝገብ ተራ ነው። ዛሬ ዓለም መጽሐፉን የሚጠራው በዚህ ቁጥር ነው። አንድ የገዳም መጽሐፍ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጋር እንዴት እንደተሳሰረ፣ ኋላም እንዴት ኢንተርኔት ላይ እንደዋለ መከተል፣ ቤተ መጻሕፍት ወደ ዲጂታል ዘመን ሲሻገር ምን እንደሚቀልለትና ምን እንደሚከብደው በግልጽ ያሳያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከኢትዮጵያ ርቆ ነው። በየካቲት 1944 የጣሊያኑ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በአየር ድብደባ ፈረሰ። ከጦርነቱም በኋላ ቀዝቃዛው ጦርነት ሌላ ጥፋት እንዳያመጣ የሚሰጉ ብዙ ነበሩ። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በተባለች ስፍራ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ የነበራቸው የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳትም የአውሮፓ ወንድሞቻቸው መጻሕፍት ከመጥፋታቸው በፊት ቅጂያቸውን በፊልም ለማስቀረት ተነሡ። በ1965 አባ ኦሊቨር ካፕስነር ኦስትሪያ ወርደው ከክሬምስሙንስተር ገዳም ሥራውን ጀመሩ። ፊልሞቹ የተሰበሰቡበት ቤት ኋላ የሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተብሎ ታወቀ።

የኢትዮጵያ ተራ የደረሰው በ1973 ነው። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ምሁር ዋልተር ሃረልሰን የብሉይ ኪዳንና የአዋልድ መጻሕፍት ተመራማሪ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተመራማሪ ግእዝ የማይታለፍ ቋንቋ ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነውና። በእሳቸው አነሣሽነት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ፣ በቫንደርቢልትና በኮሌጅቪሉ ቤት ትብብርና የአሜሪካ ብሔራዊ የሰብአዊ ጥናቶች ፈንድ በሰጠው ገንዘብ የኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የመለያው ፊደላት የመጡት ከእንግሊዝኛ ስሙ ነው። አሠራሩ በካታሎጉ ርእስ ላይ ተጽፏል፤ መጻሕፍቱ የሚቀዱት ለአዲስ አበባውም ለኮሌጅቪሉም ቤት እንደሆነ ርእሱ በግልጽ ይናገራል። ብራናው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ የሚሄደው ምስሉ ነው። ከአገራችን ቅርስ በገንዘብም በጉልበትም ተወስዶ የቀረውን ስናስብ ይህ ውል በክብር ሊጠቀስ ይገባል።

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1976 ከመንበራቸው ወረዱ፣ በ1979 ተገደሉ። በዚያ ሁሉ መካከል ካሜራው ሥራውን አላቋረጠም። በመጨረሻ የተቀዱት መጻሕፍት ቁጥር ከ9,000 በላይ ደረሰ።

የተቀዳ መጽሐፍ ግን ገና የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። በፊልም ጥቅል ላይ ያለው ምን እንደሆነ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አይቶ መናገር አለበት፦ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በስንት ዓምድ እንደተጻፈ፣ በየትኛው ዘመን እጅ እንደተጻፈ፣ የትኛው ድርሰት ከየትኛው ቅጠል እስከ የትኛው እንደሚደርስ፣ በኅዳጉ ላይ ምን እንደተጨመረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የካታሎግ ቅጾች ከ1975 እስከ 1978 ያዘጋጀው ዊሊያም ማኮምበር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከሁሉ በላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ይዟል።

ጌታቸው ኃይሌ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በለውጡም ወቅት የምክር ቤት አባል ነበሩ። በ1975 ወታደሮች ቤታቸው ድረስ ሄደው ተኮሱባቸው። ከሞት ቢተርፉም ከወገባቸው በታች አካላቸው ሽባ ሆነ። በ1976 ኮሌጅቪል ደረሱና የአገራቸውን ገዳማት መጻሕፍት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከማይክሮፊልም ማንበብ ጀመሩ። አራተኛው ቅጽ በ1979 በስማቸው ወጣ። ከዚያ አንዳንዶቹን ከማኮምበር ጋር፣ አንዳንዶቹን ብቻቸውን እያዘጋጁ በ1993 አሥረኛውን አሳተሙ። የማካርተር ሽልማት በ1988 ሲሰጣቸው ይህን ሥራ ለዓመታት ተሸክመውት ነበር።

ሥራው ምን ዓይነት እንደነበር ቁጥር 1763 ያሳየናል። ዝርዝሩን የሚሠራ ሰው ትልቁን የድርሳናት መጽሐፍ “የድርሳናት መጽሐፍ” ብሎ በአንድ መስመር ሊያልፈው ይችል ነበር። ጌታቸው ግን አንድ በአንድ ገለጡት። ከ84ኛው ቅጠል ጀርባ እስከ 86ኛው ቅጠል ፊት ድረስ፣ ሦስት ቅጠል በማይሞላ ቦታ፣ የአክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ ለሆነው ለፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ለምንለው፣ ክብር የተጻፈ ድርሳን አገኙ። በ1979 አናሌክታ ቦላንዲያና በተባለው የቤልጅግ መጽሔት አወጡት። መጽሐፉን የያዘው አምስተኛው የካታሎግ ቅጽ የታተመው ደግሞ በ1981 ነው። ማለትም ድርሳኑ ለጥናት የበቃው ካታሎጉ ሳይታተም፣ ገና በዝርዝሩ ሥራ ሂደት ላይ እያለ ነበር።

በዚያ ዘመን ቤተ መጻሕፍቱን ለዓለም ያስተዋወቁት እነዚህ ካታሎጎችና በየጥናቱ ግርጌ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ናቸው። አንድ የሮም ወይም የሃምቡርግ ተመራማሪ ካታሎጉን ገልጦ ቁጥሩን ይመርጣል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የፊልም ቅጂ በፖስታ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ማንበቢያ ማሽን ያለበት ቤት ይፈልጋል። ካታሎጉ ያልደረሰበትን መጽሐፍ ግን ማንም አይጠይቅም፤ መኖሩን አያውቅምና። አሥረኛው ቅጽ የቆመው ቁጥር 5000 ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ከ4,000 በላይ መጻሕፍት ፊልማቸው በደኅና ተቀምጦ ሳለ፣ የታተመ ካታሎግ አላገኙም። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ከእሳትና ከጦርነት የተረፈ መጽሐፍ በዝርዝር እጦት ብቻ ለአንባቢ እንደ ጠፋ ሊቆጠር ይችላል።

ዲጂታሉ ዘመን የገባው በ2003 ነው። በጊዜው የቤቱ ኃላፊ የነበሩት አባ ኮሉምባ ስቱዋርት ማይክሮፊልሙን ትተው በዲጂታል ካሜራ ሥራ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ስፍራ ሊባኖስ ነበር። ኋላም የማሊ ቲምቡክቱ የእስልምና መጻሕፍት ተጨመሩ። በ2015 የኢንተርኔት ንባብ ክፍሉ ተከፈተ። መግቢያው በነፃ ነው፤ አንባቢው ተመዝግቦ የአጠቃቀም ውሉን ይቀበላል። ውሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ የመጽሐፉ ባለቤት ገዳሙ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ መሆኑን አንባቢው እንዲያስታውስ ያደርጋል። ከንባብ ክፍሉ አጠገብ የጥንት ጽሑፍ አነባበብ የሚያስተምሩ ገጾችና የሙያ ቃላት መፍቻ ቆሙ። ቀድሞ ለሊቃውንት ብቻ ይሠራ የነበረ ቤት ገና የሚማረውንም ሰው ይጠራ ጀመር። አገልግሎቱንም ማስታወቂያውንም በአንድነት የለወጠው ይህ ይመስለኛል።

የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ምስል ተቀይረው በዚያው ተጫኑ። የታተመ ካታሎግ ያላገኙትም መጻሕፍት መግለጫ በቀጥታ በኢንተርኔቱ መዝገብ ላይ ይገባ ጀመር። የታተመ ቅጽ ስሕተቱን ይዞ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የኢንተርኔቱ መዝገብ ግን ሲታረም ወዲያው ይታያል። ለአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለዋሽንግተን ዲያቆን፣ ለኢየሩሳሌም መነኩሴ ደብዳቤውም፣ ፖስታውም፣ ማሽኑም ቀርተዋል። ካታሎጎቹ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው ግን ዛሬም ለብዙ የግእዝ አዋቂዎቻችን እንቅፋት ነው። ግእዙን ከማንም በላይ የሚያውቀው የአብነት መምህር ፍለጋውን በሚጀምርበት ቦታ ላይ ቋንቋው ይከለክለዋል። ይህን ለማቃለል መሥራት ያለብን እኛው ነን።

ጌታቸው በሰኔ 2021 አረፉ፤ የዝርዝሩ ሥራ ግን አልቆመም። በሃምቡርግ በ2016 የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት የተሰኘ የጥናት ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራን የእጅ ጽሑፎች መግለጫ ለረጅም ዓመታት እንዲያጠናቅር ታስቦ የተነደፈ ነው፤ የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥሮችም በዚያ መዝገብ ይገኛሉ።

አንድ ነገር ግን በኮምፒዩተር ብቻ የሚፈታ አይደለም። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የግእዝ ጸሐፊ የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያን፣ የበዓላትን ቀን በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በፊልሙ ላይ ቀዩ ከጥቁሩ ትንሽ የደበዘዘ ግራጫ ብቻ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ በ1280 ወይም 1281 የሰጡት፣ ቁጥሩ 1832 የሆነው ወንጌል ሥዕሎች አሉት፤ የሥዕሎቹ ቀለም በዚያ ፊልም ላይ የለም። ፊልሙን ማጽዳትና ማጉላት የሌለን ቀለም አያመጣም። የሚያመጣው ካሜራ ይዞ ወደየገዳሙ መመለስ፣ የአበውን ፈቃድ መጠየቅና እያንዳንዱን ቅጠል እንደገና ማንሣት ነው።