ቁጥር 1432

ኢትዮጵያ የምትባል ዐለት ሰማይ ላይ እንዳለች ያወቅሁት አንድ የሥነ ፈለክ መዝገብ ሳገላብጥ ነው፡፡ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆነው ፀሐይን ከሚዞሩት እልቆ መሳፍርት የሌላቸው አስትሮይዶች አንዷ ስትሆን፣ የመዝገብ ቁጥሯ 1432 ነው፡፡ ስሟን ሳይ ደስ አለኝ፡፡ ወዲያው ግን ዐይኔ ቀኑ ላይ አረፈ፤ የተገኘችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፡፡

ያ ምን ዓይነት ክረምት እንደነበር አንባቢ አያጣውም፡፡ ከየካቲት 12ቱ እልቂት ስድስት ወር አልሞላም፡፡ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ከተረሸኑ ሁለት ወር ቢያልፍ ነው፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ናቸው፡፡ ፋሽስቶች አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አደባልቀው ‹‹የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ›› ሲሏት፣ ከስድስቱ ግዛቶች አንዱን እንኳ ኢትዮጵያ አላሉትም፡፡ ስሙን ያስቀሩት ለንጉሣቸው ማዕረግ ማድመቂያ ነበር፡፡

አግኚዋ ሲሪል ጃክሰን ይባላል፡፡ ትውልዱ እንግሊዝ ሲሆን፣ ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዩኒየን የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ ነበር፡፡ በሐምሌ እኛ ደመና ተከናንበን ኮከብ ሲናፍቀን፣ እዚያ ግን ወቅቱ ደረቅ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፡፡ በዚያ ዘመን አሠራሩ የሰማይን አንድ ወገን በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ደጋግሞ ማንሳትና ምስሎቹን ማስተያየት ነበር፡፡ ከዋክብቱ ባሉበት ይገኛሉ፤ ቦታዋን የለቀቀች ነጥብ ካለች ትጠረጠራለች፡፡ ይህችኛዋ በመጀመሪያ የተሰጣት ጊዜያዊ መጠሪያ ‹‹1937 ፒጂ›› ነበር፤ ‹‹ፒ›› የኦገስትን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ‹‹ጂ›› ሰባተኛ መሆኗን ያመለክታል፡፡ ምሕዋሯ በስሌት ሲረጋገጥ ቋሚ ቁጥር ይሰጣታል፤ ስም የማውጣቱ መብት ያገኛት ሰው ነው፡፡ የሚገርመው፣ ያኔ ቁጥር ሰጪው መሥሪያ ቤት የነበረው በርሊን፣ በሙሶሊኒ ወዳጅ መናገሻ ነው፡፡

መቼም ልቤ ጃክሰንን አርበኛ ሊያደርገው ዳድቶ ነበር፡፡ ዝርዝሩን ሳየው ተውኩት፡፡ ሰውየው 1193ኛዋን አፍሪካ፣ 1278ኛዋን ኬንያ፣ 1279ኛዋን ኡጋንዳ ብሏል፡፡ በዚያው በ1937 ካገኛቸው መካከል ከ1428 እስከ 1431 ያሉት ሞምባሳ፣ ፔምባ፣ ሶማሊያና ሉዋንዳ ናቸው፡፡ ቀጥላ ኢትዮጵያ መጣች፡፡ የአፍሪካን ካርታ ዘርግቶ ስም የሚያወጣ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያም በካርታው ላይ እንደ ሌሎቹ አንድ አገር ናት፡፡ ለእኔ ይኸው በቂ ነው፡፡ ሮማ ከግዛት ስም የፋቀችውን፣ ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው ሳይፎክርና ሳይከራከር መዝገብ ላይ አሰፈረው፡፡

ዐለቲቱ በዐይን አትታይም፡፡ ጃክሰን በዕድሜው 72 ያህል አስትሮይዶች አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ዐረፈ፤ የእሱ ስም የተሰጠው ለ2193ኛዋ ነው፡፡