የጀማሪ አዳኝ ትምህርት በሜጫ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ መንገደኛ ከተማውን ብዙም ሳይርቅ ገፈርሳን ያገኛል። ገፈርሳ ዛሬ ለብዙው ሰው የውኃ ግድብ ስም ነው። በኦሮምኛ ግን ቃሉ ጎሽ ማለት ነው። ጎሹ ከአካባቢው ከጠፋ ረጅም ዘመን ቢያልፍም፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በግንጪና በአምቦ አልፎ እስከ ጌዶ የሚዘልቀው አገር ቀድሞ የማን መሰማሪያ እንደ ነበረ ስሙ ይጠቁማል። የታሪክ ተመራማሪ የጽሑፍ ማስረጃ ባነሰው ጊዜ የቦታ ስሞችን መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ አገር ያደገ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ይዞ ወደ ጫካ ሲወጣ፣ የት ሄዶ ምን ዓይነት አውሬ በምን ዘዴ እንደሚያድን የሚመርጠው ራሱ አልነበረም። ምርጫው የኅብረተሰቡ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ መዲና የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በጌዶ አቅራቢያ ሲሆን፣ የሜጫን ሕግ የደነገገው መኮ ቢሊም በአፈ ታሪክ ከዚሁ ቦታ ጋር ይያያዛል። በገዳ ሥርዓት ወንድ ልጅ ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው ሲሸጋገር ጀግንነቱን በግዳይ ማስመስከር ይጠበቅበት ነበር። የጋሞው ካህን አባ ባሕርይ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለ ኦሮሞ በጻፉት ታሪክ፣ ሰው ወይም ትልቅ አውሬ የገደለ ራሱን ተላጭቶ መካከሉ ላይ ጥቂት ጠጕር እንደሚያስቀር፣ ያልገደለው ግን ሳይላጭ ቀርቶ በቅማል እንደሚሠቃይ ያወሳሉ። ባሕርይ አገራቸው በጦርነቱ የተጠቃባቸው ሰው በመሆናቸው ቃላቸውን በጥንቃቄ መመዘን ይገባል። ያም ሆኖ ይህች ትንሽ ዝርዝር ጀማሪውን ወደ ጫካ ይገፋው የነበረው የሥጋ አምሮት ሳይሆን በእኩዮቹ መካከል የሚደርስበት ኀፍረት እንደ ነበረ ታሳያለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው አውሬ «ይቈጠራል» የሚለው ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ ይቈጠራሉ፤ ድኩላና ሚዳቋ አይቈጠሩም። ዝሆን የጣለ ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ከጥርሱ የተሠራ አምባር በክንዱ ያጠልቃል፤ የአውሬው ጅራት ለምስክርነት ይታያል። ከዚህ በኋላ ጌረርሳ በሚባለው የጀግና ዜማ የዘር ሐረጉንና ግዳዩን እየዘረዘረ ሊያዜም መብት ያገኛል። ግዳይ የሌለው ሰው በሽማግሌዎች ፊት ጌረርሳ ለማሰማት ቢደፍር መሳቂያ ይሆን ነበር። በአማርኛው በኩል የሚታወቀው የፉከራና የቀረርቶ ልማድም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ቦታውና ወቅቱ የሚወሰኑትም አውሬውን በመከተል ነበር። ትላልቆቹ እንስሳት ከደጋው እየራቁ ሲሄዱ አደኑ ወደ ጊቤና ወደ ዴዴሳ ቆላ ወረደ። ቆላው ወባ አለበት፤ የክረምቱ ሣርም አውሬውንም አዳኙንም ይሰውራል። ስለዚህ ጉዞው ሣሩ ከደረቀና ከተቃጠለ በኋላ በበጋ፣ ስንቅ ተይዞ በቡድን ይደረግ ነበር። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል በነበረው ልማድ ግዳዩ የሚቈጠረው አውሬውን ለጨረሰው ሳይሆን መጀመሪያ ወግቶ ደም ላፈሰሰው ነበር። ይህ ደንብ ለጀማሪው ከባድ ፈተና ነው። ጦሩን ቀድሞ ከወረወረ ክብሩ የእርሱ ነው፤ ከርቀት ወርውሮ ከሳተ ግን አውሬውን አስደንግጦ የጓደኞቹን የብዙ ቀን ድካም ያበላሻል፤ አቁስሎ ከለቀቀው ደግሞ የቈሰለ ጎሽ በሰው ላይ ይመለሳል። አዛውንቶች ወጣቱን አጠገባቸው አድርገው ያስተምሩት የነበረው ዋናው ነገር ታዲያ አወራወር ሳይሆን መታገሥ ነበር ማለት ይቻላል።

የጫካው ጥልቅ ዕውቀት የነበረው ግን በሌላ ወገን ነው። ዋታ በመባል የሚታወቁት፣ በኦሮሞ ኅብረተሰብ መካከል በአደን የሚተዳደሩ ሰዎች፣ የአውሬውን ዱካና መተላለፊያ ከማንም የተሻለ ያውቁ ነበር። ሆኖም ዋታ ተንቆ የሚኖር፣ ከሌላው ጋር የማይጋባ፣ በሚበላው ሥጋ የሚነወር ወገን ነበር። ለክብር የገደለው እየተዘፈነለት ለእንጀራው የገደለው የሚዋረድበት ይህ ሥርዓት የዘመኑን የማኅበራዊ ደረጃ አከፋፈል ከብዙ ሰነድ በተሻለ ያጋልጣል።

ዝሆን የማያሳድድ፣ የቤቱን ደጃፍ ጫካ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚገጥመው ድኩላን ነው። እዚህ ላይ አንድ የስም ጉዳይ ማንሣት ተገቢ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ትርጕም የምናገኘው ዋላ በኢትዮጵያ የሚኖር እንስሳ አይደለም፤ በአፍሪካ ውስጥ ይህ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ፣ በቱኒዚያና በአልጄሪያ በኩል ብቻ ነው። ዋላ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ ድኩላና አጋዘን ግን አንዴ ያበቀሉትን ቀንድ እስከ ሞት ይሸከማሉ። የደጋው ጫካ ድኩላ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። ይህን የኢትዮጵያ ደጋ ዝርያ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሰይሞ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቋል።

ድኩላ በመንጋ አይሄድም። ቀን በጥሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ከጫካው ጠርዝ ወጥቶ ይግጣል፤ አደጋ ሲጠረጥር እንደ ውሻ ይጮኻል። ስለዚህ አዳኙ ነፋሱን ከፊቱ ተቀብሎ፣ ጥሻና ግጦሽ በሚገናኙበት ቦታ አድፍጦ መጠበቅ አለበት። ወንዱ ሲቈስል በቀንዱ ስለሚዋጋ ከወደቀም በኋላ ተጣድፎ መቅረብ አይገባም። እንግዲህ ጌረርሳ ያልተዘፈነለት ይህ እንስሳ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ከጎሹ ያነሰ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የለወጠው ጠመንጃ ነው። ምኒልክ የምዕራቡን አገር በራስ ጎበና መሪነት ባስገበሩበትና በ1882 እ.ኤ.አ. የእምባቦ ጦርነት በተደረገበት ዘመን ስናድርና ውጅግራ በብዛት ይገቡ ጀመር፤ የዝሆን ጥርስም ከዋነኞቹ የንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። በጦር ሲሆን ብዙ ሰው ተባብሮ ይፈጽመው የነበረውን ሥራ ባለጠመንጃው ብቻውን፣ ከሩቅ ሆኖ፣ በአንድ ጥይት ይጨርሰዋል። ሽማግሌ የሚመክረው፣ ጓደኛ የሚከራከረው አያስፈልገውም። የትና እንዴት የሚለው ጥያቄ ከሸንጎ ወጥቶ ወደ ግለሰቡ፣ ይልቁንም ጠመንጃና ጥይት ወዳለው መኳንንትና ወታደር እጅ ገባ። ጫካውም በበኩሉ ይመናመን ነበር። ምኒልክ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ አዲስ ዓለምን ለመዲናነት ያሰቡት በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት በመጥፋቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ በተወለደበት ዘመን ጌረርሳው በሕይወት ነበር፤ የሚዘፈንላቸው አውሬዎች ግን ከአካባቢው ርቀው ነበር።

ሕግ ዘግይቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1909 የዝሆንን አደን የሚመለከት ደንብ ወጣ፤ በ1944 ደግሞ የአደን እንስሳትን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 61 ታወጀ። የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ በ1964 ዓ.ም የወጣው ደንብ ፈቃድን፣ ክፍያንና የአደን ክልልን በዝርዝር ወሰነ፤ በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ። በፈቃድ የሚደረገው አደን የሚካሄደው እንደ ሙኔሳና ባሌ ባሉ ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች፣ በባለሙያ አዳኝ መሪነት ሲሆን፣ አብዛኛው ደንበኛ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ጀማሪው እንደ ቀድሞው የት፣ ምን፣ በምን ዘዴ የሚለውን ከሌላ ይቀበላል፤ አሁን ግን የሚቀበለው በማኅተም ከተደገፈ ወረቀት ነው። የአምቦ ገበሬ ልጅ በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

በቀድሞው የጅባትና ሜጫ አውራጃ የተረፈው ጫካ ጥቂት ነው፤ ለአውራጃው ስም ከሰጡት አንዱ የሆነው የጅባት ደን አንዱ ሲሆን፣ በግንጪ አጠገብ ያለው ጭሊሞ ሌላው ነው። ጭሊሞን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዙሪያው ገበሬዎች ከመንግሥት ጋር ተስማምተው በማኅበር ይጠብቁታል። በጽድና በዝግባው ጠርዝ ሲመሽ የድኩላው ጩኸት ይሰማል፤ ዱካውን የሚከተሉትም ዛሬ በአብዛኛው የጥበቃ ተረኞችና ማስታወሻ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ናቸው።