አድራሻው በዘፈኑ ውስጥ የነበረ ጊታር ተጫዋች

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1928 ጆን ኸርት የተባለ የሚሲሲፒ ገበሬ ለኦኬ የሸክላ ኩባንያ ሊዘፍን ኒው ዮርክ ገባ። ያደገባት መንደር አቫሎን ናፈቀችውና ናፍቆቱን ዘፈን አድርጎ እዚያው አስቀረጸው። ሸክላዎቹ እምብዛም አልተሸጡም። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ፤ እሱም በእርሻውና በከብቶቹ መካከል ቀረ።

አጨዋወቱ ከአካባቢው ዝነኞች ይለያል። ቻርሊ ፓተንና ሰን ሃውስ እያጓሩ ክሩን ሲደበድቡ፣ ኸርት ያንጎራጉራል ማለት ይቀላል። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ሳያዛንፍ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት እያደረጉ ይለቅማሉ። መጀመሪያ የሚሰማው ሰው ሁለት ጊታር ይመስለዋል። ይህን በልጅነቱ ራሱን ያስተማረ ነው። ምቱ የማይናጋው ደግሞ የሚጫወተው ለጨፋሪ ስለነበር ነው። ከነጩ ቫዮሊን ተጫዋች ከዊሊ ናርሙር ጋር እየተጣመረም ይጫወት ነበር፤ ለኦኬ የጠቆመውም ናርሙር ነው። ኩባንያዎቹ ግን የጥቁሩንና የነጩን ሸክላ ለይተው ይሸጡ ስለነበር ኸርት ከብሉዝ ተርታ ተሰለፈ፤ «ሚሲሲፒ» የሚለውንም ቅጽል ለገበያ የለጠፉለት እነሱ ናቸው። በእውነቱ ብዙው ሥራው ብሉዝ እንኳ አይደለም፤ የወንጀለኞች ታሪክ፣ የጭፈራ ዜማ፣ መዝሙር ነው።

በ1952 ሃሪ ስሚዝ ባሰናዳው የአሜሪካ ሕዝብ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቹ ገቡ። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ሸክላ ወዳጅ የአቫሎንን ስም ከዘፈኑ ይዞ፣ በአሮጌ ካርታ ፈልጎ መንደሪቱ ድረስ ሄደ። ሰባ ዓመት ገደማ የሆነው ኸርት እዚያው ነበር፤ የራሱ ጊታር እንኳ አልነበረውም። ታሪኩ ሁልጊዜ «ጠፍቶ ተገኘ» ተብሎ ይተረካል። የጠፋው ለማን ነው? ጎረቤቶቹማ ቤቱን ያውቁታል።

በዚያው ዓመት ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ ቀጥሎ ዋሽንግተን ተቀመጠ፣ ኋላ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ከተማ። በ1966 ሚሲሲፒ ውስጥ አረፈ። ላቪን ስፑንፉል የተባለው የሮክ ቡድን ስሙን ከኸርት ዘፈን ወሰደ፤ ጆን ፌሂም በጊታር የሙሾ ዜማ ደረሰለት። ዛሬ በጣት መጫወት የሚጀምር ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሌሎቹን ጣቶች ትቶ አውራ ጣቱን ብቻ እንዲያለማምድ ነው፤ ያ ጣት ሳያስቡት መሄድ እስኪለምድ ድረስ ዜማ አይጨመርበትም።