የማንነት መነጣጠልና ሕክምናው

የማንነት መነጣጠል ሕመም ማለት በሥነ አእምሮ ሕክምና «ዲሶሲዬቲቭ አይደንቲቲ ዲስኦርደር» ለሚባለው ሕመም እዚህ የተሰጠ የአማርኛ አቻ ሲሆን፣ በአንድ ሰው ውስጥ የየራሳቸው ስሜት፣ ትዝታና ጠባይ ያላቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የማንነት ክፍሎች እየተፈራረቁ ሰውየውን የሚመሩበትን፣ በተራ መርሳት ሊገለጽ የማይችል የትዝታ ክፍተትም የሚታይበትን ሁኔታ ያመለክታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ ሕመሙን «ብዝኃ ስብዕና» በሚል ስም መዝግቦት ነበር፤ በ1994 ስያሜው ሲለወጥ ግን ትኩረቱ ከስብዕናዎች መብዛት ወደ አንዱ ሰው ማንነት አለመዋሐድ ዞረ። ምንጩ ላይ የሚከራከሩ ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ ሕመሙ በልጅነት ከደረሰ ተደጋጋሚ ጥቃት ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው፤ ሕፃኑ ሊሸሸው ያልቻለውን ሥቃይ ከራሱ ነጥሎ በማኖር ይተርፋልና።

ፈረንሳዊው ፒዬር ዣኔ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የቀየሰው በደረጃ የሚሄድ ሕክምና ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚያገለግል ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉም መረጋጋት፣ የአሰቃቂ ትዝታዎች ሕክምና፣ በመጨረሻም ውሕደት ነው። ከሦስቱ መዘለል የሌለበት የመጀመሪያው ነው፤ ታካሚው ሳይረጋጋ ትዝታው ከተቀሰቀሰ ራሱን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትዝታው ሲያጥለቀልቀው ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን በማየት፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ጮክ ብሎ በመናገር፣ እግሩን መሬት ላይ አጽንቶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ነክቶ ወደ አሁኑ ጊዜ መመለስን ይለማመዳል፤ ይህም «ግራውንዲንግ» የሚባለው ነው። ክፍሎቹ በአንድ ደብተር ላይ መልእክት እንዲለዋወጡ፣ መድኃኒት ስለ መውሰድ ወይም ልጆችን ስለ መንከባከብ እንዲስማሙም ይደረጋል፤ አንዱ ክፍል ለፈጸመው ድርጊት ግን ኃላፊነቱ የመላው ሰው ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የጠባይ መለዋወጥ ሲታይ ዛር ወይም ርኩስ መንፈስ እንደሆነ ማሰብ የተለመደ በመሆኑ፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሻው መንፈሱን ማስወጣትን ወይም መለማመንን ነው። መንፈስ ያዘኝ ማለት ሁሉ ይህ ሕመም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም በባህልና በሃይማኖት ሥርዓት ተቀባይነት ያለውን እንዲህ ያለ ሁኔታ ከሕመም ይለያል። ሕመሙ በእርግጥ ካለ ግን የሚባረር ክፍል የለም፤ የሚሳደበውና የሚያስፈራራው እንኳ ብዙውን ጊዜ ታካሚውን በልጅነቱ ለመጠበቅ የተፈጠረ በመሆኑ፣ ባለሙያው ሊያዳምጠውና ሥጋቱን ሊረዳ ይገባል። ሁሉም ታካሚ ሙሉ ውሕደት ላይ አይደርስም፣ የማይሻውም አለ፤ ለእነዚህ ክፍሎቹ ተግባብተው የዕለት ኑሮን በጋራ መምራታቸው ራሱ የተሳካ የሕክምና ውጤት ነው።